ለጀማሪ ቅራሪ ይቀላል

ነፃነት ልጇን በጀርባዋ አዝላ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባለው የጋራ ግቢያቸው ቧንቧ ሥር ቁጢጥ ብላ ትንሽ የፕላስቲክ በርሜል በግራዋ ቅጠል ታሻለች። ጎረቤቷ አሳየች የልብስ ሳፋዋን ይዛ ወረፋ ትጠብቃለች። ከቧንቧው ፊት ለፊት የተከፈተው መስኮት የነፃነት ባል የዮፍታሔ ታላቅ እህት ቤት ነው። ነፃነት በግቢው ውስጥ መኖሯ እንኳ የማይታወቅ ዝምተኛ ናት። ዛሬ ግን ወደ መስኮቱ ዞር ሳትል ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«አሳየችዬ፣ ልብስሽ ዛሬ የሚደርቅልሽ አይመስለኝም። ከእንጦጦ ነፋስ የሚባል አልወረደም፤ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም። የአንዳንድ ቤት መጋረጃ ብቻ ነው የሚወዛወዘው...

ምን እያጠብሽ ነው አትይኝም? ጠላ ልጠምቅ ነዋ! ሳቂ፣ ግዴለሽም ሳቂ። ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጠች፣ ሽሮ እንኳ የምታሳርር ሴት ጠማቂ ልትሆን! ምን ላድርግ፣ የሚመጣው ወር የሚካኤል ጽዋ እኛ ቤት ነው። እስከ ዛሬ ተራችን ሲደርስ ደግሰው፣ ከደጃችን ቆመው እንግዳ የሚቀበሉልን ሌላ ሰው ነበሩ። እኔም ከእንግዶቹ ጋር ‹ቤት ለእንግዳ› ተብዬ እገባለሁ... በገዛ ቤቴ! እንዲህ የሚያከብር ዘመድ ማን አለው?

ዘንድሮ ራሴ ልሞክር ብዬ ባለሙያ አማከርኩ። ‹አንቺ ገና ነሽ፣ ቀላሉን ያዢ። ለጀማሪ ቅራሪ ይቀላል› አሉኝ። ጌሾ ምን ያህል ልግዛ ስል ደግሞ፣ ‹ለቅራሪ ምን ጌሾ ያስፈልገዋል? የእኔ ጠላ ሲያልቅ ድፍድፉን ትወስጃለሽ፣ ውሃ ትጨምሪበታለሽ› አሉኝ። አየሽልኝ ደግነት? አንቺ ስለማትቀምሺ አታውቂውም እንጂ፣ ቅራሪ ማለት ጠላው ከተጠጣ በኋላ ድፍድፉ ታጥቦ የሚወጣው ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይላሉ፤ የባለሙያ ዘመድ ግን ምን ይጠማዋል፣ እጣቢው ይደርሰዋል! እኔ ጅሏ ጉልበት ስሜ አመስግኜ ወጣሁ። የገባኝ ቤቴ ደርሼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው። ጭንቅላቴ ከእግሬ ኋላ ነው የሚደርሰው...

ከቀለለስ የገብስ ጉሽ ይሻላል አልኩ። ማጥለል የለ፣ ማጣራት የለ፤ ፊልተር ጠላማ ለእኔ ቢጤ አልተፈጠረም። በርሜሉን ወይራ ላጥን ብዬ ከንፈሩን አቀለጥኩት። ይኸው ተጣሞ ቀርቷል፤ ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ እሱም ተጨመረ። አሻሮውን ስቆላ ግማሹን አሳረርኩት። ዮፍታሔ ምን ነደደ ሲለኝ ‹እንዲጠቁር ነው› አልኩት፤ አመነኝ። የዋህ ቤተሰብ ነው ያገባሁት... አብዛኞቹ።

በመጨረሻ ምን ሆነ? ሆመጠጠ! ሰላጣ ላይ ቢፈስ ሰላጣው ይሸሻል። ጥፋቱ ያው የእኔ ነው። ጥንስስ ዓይን አይወድም ሲባል እየሰማሁ፣ ክዳኑን ሳልጠፍር ልጄን ላስከትብ ሄድኩ። ስመለስ ክዳኑ ወልቋል፣ ጥንስሱ ውሃ ተጨምሮበት ቀጥኗል። ዮፍታሔን ብጠይቀው ‹አይጥ ይሆናል› አለኝ። አይጥ ናት እንግዲህ። ግን አሳየች፣ እንዲህ ያለች አይጥ አይቼ አላውቅም! ውሃ የቀዳችበትን ጣሳ አለቅልቃ ቦታው መልሳለች። እኔ ሰው ሆኜ ጣሳ ቦታው አልመልስም። ሙያ ያላት አይጥ ናት፤ ብማርባት በወደድኩ...

ጋን በጠጠር ይደገፋል አይደል ተረቱ? እኔም እስካሁን ጠጠር ሆኜ ሥር ሥሩን ተቀምጫለሁ። ጠጠሯ ብድግ ያለች ቀን ጋኑ እንዴት እንደሚሆን ግን ተረቱ አይነግርሽም...

ይልቅ አንድ ነገር ልለምንሽ። እንደገና ስጠነስስ ይህን በርሜል አንቺ ቤት ላስቀምጠው። ጴንጤ ቤት ጠላ መጠንሰስ ነውር መሆኑን አጥቼው አይደለም፤ ፓስተራችሁ ከመጡ የልብስ እንዶድ ነው በያቸው። ብቻ አንቺ አትቀምሺውም፣ አትከፍቺውም፤ አይጧም መዝሙር ስትሰማ ደፍራ አትገባም። ይህም ከሆመጠጠ ጥፋቱ የእጄ ነው። ያኔ ሄጄ ‹ድፍድፍዎን ይስጡኝ› እላለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ቅራሪ አወጣለሁ።»

አሳየች ሳፋዋን መሬት አስቀምጣ የበርሜሉን አንድ ጎን ያዘች። ሁለቱ ተጋግዘው ሲያነሱት መስኮቱ ሲጢጥ ብሎ መዘጋት ጀመረ፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ነፃነት ልጇን በጀርባዋ ላይ አመቻችታ፣ ድምፅዋን እንደ ማር አለሰለሰችው።

«በሰው ክፉ አልመኝም አሳየችዬ። ምክር የሰጠኝን ሰው ደግሞ ሳልመርቅ ብገባ ይከፋኛል። አንቺ አሜን በይልኝ፤ ሚካኤል ጤናቸውን ይጠብቅላቸው፣ ዕድሜያቸውን ያርዝምላቸው፣ ጓዳቸውን ይሙላላቸው። ጋናቸው ባዶ በሆነ ቀን እንኳ፣ ጠላውን ሳይሆን እሳቸውን ብሎ በራቸውን የሚያንኳኳ አንድ ሰው አያሳጣቸው።»