ከላላ ገበያ ላይ የለቀቅናት ዜማ

በእኛ ጊዜ የሚሰረቀው በሬ ነበር። በሬ፣ በቅሎ፣ አለፍ ሲልም ከቀፎ ማር። በሬ ኮቴ አለው፣ ኮቴውን ተከትለህ ትሄዳለህ፣ ከሰው በረት ታገኘዋለህ፣ አለቀ። ዜማ ተሰረቀ ሲሉ የሰማሁት በስተርጅናዬ ነው፣ ያውም በገዛ ቤቴ፣ ያውም የልጄ ሰርግ ሊደርስ ሲል። ቆይ፣ ያ ስልክህ ይቀዳል አይደል? ይቅዳ፣ ግን ፊቱን ወደ እኔ አዙረው፣ መብራቱን ልየው። እንዲህ። እኔ ስልክ አላምንም፣ ለምን እንደማላምን አሁን ትሰማለህ።

ታዲያ ልጄ ጀማል እዚህ መካነ ሰላም ላይ ባንድ አለው፣ ነጎድጓድ ይባላል። ሮክ ነው የምንጫወተው ይላሉ። ሮክ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው፣ "አባባ፣ ጊታሩ እንዲያጓራ ማድረግ ነው" አለኝ። ያጓራል፣ ወላሂ ያጓራል፣ ድንጋይ የገባበት ወፍጮ ነው የሚመስለው። መጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር። በኋላ ሳየው ልጁ አይሰክር፣ አይጣላ፣ ሶላቱን አይተው፣ ጓደኞቹም የእስላሙም የክርስቲያኑም ልጅ ጨዋ ጨዋ ናቸው፣ እና ዝም አልኩ። ዝም አልኩ እንጂ መከታተሉን አልተውኩም። ከጓሮ ሲለማመዱ በር ላይ ቁጭ ብዬ አደምጣለሁ፣ ማን ገባ ማን ወጣ እያልኩ።

ደጎሎ ላይ ደግሞ ሌላ ባንድ አለ፣ ገደል ማሚቶ የሚሉት። የዚያ ባንድ አለቃ ከድር ይባላል፣ እሱም ጊታር መቺ ነው። የከድር እህት ዘይነባ የእኔ የጀማል እጮኛ ናት። ልብ በልልኝ፣ ሽማግሌ ልከን፣ አባቷ አቶ እንድሪስ እሺ ብለው፣ የኒካው ቀን ተቆርጦ፣ እኔም ለድግሱ ሰንጋ አስሬ እየቀለብኩ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ጀማል ስልኩን ይዞ ገባ፣ ፊቱ አመድ መስሏል። "አባባ ይስሙ" አለኝ። ሰማሁ። ከጓሮዬ ስሰማት የከረምኳት ዜማ ናት፣ ቃሏ ብቻ ሌላ።

"እነማን ናቸው?" አልኩ።

"ገደል ማሚቶ። ሰረቁኝ።"

ስማቸው ራሱ ይመሰክርባቸዋል፣ አንተ ያልከውን መልሶ የሚልህ ገደል እኮ ነው። ግን እኔ ቶሎ አላምንም፣ ልጄንም ቢሆን። "ቆይ፣ አንተስ ከየት አመጣሃት?" አልኩት።

"መጣችልኝ።"

"ከየት መጣችልህ?"

"እንዲሁ አባባ፣ ቁጭ ባልኩበት መጣችልኝ።"

በእኛ ጊዜ፣ አንድ ሰው በረት ውስጥ የማይታወቅ በሬ ሲገኝ፣ ከየት አመጣኸው ተብሎ "እንዲሁ መጣልኝ" ያለ እንደሆነ፣ መጀመሪያ የሚታሰረው እሱ ነው። እና ልቤ ጠረጠረ። "እነዚያ በስልክህ የምታያቸው ጠጉራቸውን ያሳደጉ ፈረንጆችስ? ጣታቸውን እያየህ አይደል እንዴ ጊታር የለመድከው? ከእነሱ አልወሰድክም?"

"እሱ ተጽዕኖ ነው" አለኝ።

"ምንድን ነው ተጽዕኖ?"

"ሰው ከሌላ ሰው ይሰማል፣ ደስ ይለዋል፣ ውስጡ ይገባል፣ ከዚያ በራሱ መንገድ ይወጣል። ባንድ ሁሉ እንዲህ ነው አባባ። አንዱ ከአንዱ ሳይሰማ የተነሳ ባንድ የለም።"

"ታዲያ ከድርም ከአንተ ሰምቶ፣ ደስ ብሎት፣ ውስጡ ገብቶ ይሆናላ።"

"እሱ ስርቆት ነው" አለ።

አየህ? ከፈረንጅ ሲወስድ ተጽዕኖ፣ ከእሱ ሲወሰድ ስርቆት። ቃሏን አላመንኳትም፣ ግን ያዝኳት። ተጽዕኖ።

እና ጀማል ለከድር ደወለ። እኔ አጠገቡ ነኝ። ከድር ከወዲያ እንዲህ ይላል፣ "ሌባው አንተ ነህ፣ እጮኛዬን ልይ እያልክ ስትመጣ ከቤታችን ጀርባ ቆመህ ስታደምጠን ነበር።" ጀማል ደግሞ፣ "አንተን ማን ያደምጥሃል፣ ጊታርህ እንደተረገጠች ድመት ነው የሚጮኸው።" በማግስቱ አቶ እንድሪስ ራሳቸው ደወሉልኝ። እሳቸው ከመናገራቸው በፊት ይስላሉ። "እህም፣ እህም። አባ ይመር፣ ደህና አደሩ? ቤተሰብ ደህና? ከብቱ ደህና? አልሐምዱሊላህ። እህም። እኔ ልጄን ለሌባ አልሰጥም።" ዘጉት።

ያ ረቢ አልኩ። ሰንጋው ታስሯል፣ ዘመድ ተጠርቷል፣ ልጄ እህል አልቀመሰም። ማታ ደግሞ ዘይነባ ከእናቷ ተደብቃ ደወለችልኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አባባ ይመር፣ ለዜማዋ ይህን ያህል ሰው ተነሳላት። ለእኔስ ማን ይነሳልኛል?" አለች። "አብሽሪ፣ አይዞሽ ልጄ" አልኳት። እሷን አብሽሪ አልኳት እንጂ እኔ አልተኛሁም።

ታዲያ ሽምግልና እንቀመጥ አልን። የት? እኔ ደጎሎ አልሄድም፣ አገራቸው ነው፣ ሰው ሰብስበው ይጠብቁኛል። እሳቸውም መካነ ሰላም አልመጣም አሉ። እና ከላላ ይሁን ተባለ፣ መሃል ነው፣ የእኛም የእነሱም አይደለም። የከላላው አባ ሰይድ፣ ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ፣ ዳኛ ሆነው ተቀመጡ። እኔና ጀማል በዚህ፣ አቶ እንድሪስና ከድር በዚያ።

አባ ሰይድ እንደ ከብት ክስ ነው የያዙት። "ምልክቷን ተናገሩ" አሉ።

ጀማል፣ "የእኔ ዜማ ወደ ላይ ትወጣና ድንገት ትንጠለጠላለች፣ ትንሽ ትቆይና ትወርዳለች።"

ከድር፣ "የእኔም እዚያው ላይ ነው የምትንጠለጠለው።"

"ከየት አመጣችኋት?" አሉ አባ ሰይድ ሁለቱን።

"መጣችልኝ" አለ ጀማል። "መጣችልኝ" አለ ከድርም።

"ይህም መጣችለት?" ብለው አባ ሰይድ ሁለቱን አዩዋቸው፣ ከዚያ ወደ እኛ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። "አንድ ጥጃ ሁለት ሰው ቢያጣላ በአገራችሁ ምን ታደርጋላችሁ?"

"እንለቀዋለን" አልኩ፣ "ወደ እናቱ ይሄዳል።"

"እንግዲያው ዜማዋንም ልቀቋት። ዛሬ ገበያ ነው። ያለ ቃል፣ በጊታር ብቻ ከገበያው መሃል ልቀቋትና ሰዉ በማን ቃል እንደሚቀበላት እንይ።"

ያን ጊዜ ደስ አለኝ፣ ፍርዱ ጥሩ ነው አልኩ። አሁን ሳስበው ግን አባ ሰይድ ያውቁ ነበር። ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

ማን ይጫወታት? ጀማል ብቻውን ቢጫወታት ወደ ራሱ ያጋድላታል ብለው እነሱ ፈሩ፣ ከድር ብቻውን ቢጫወታት እኔ ፈራሁ። እና ሁለቱም አብረው ይጫወቱ ተባለ፣ አንዱ የአንዱን ጣት እየጠበቀ። ከጊታሮቹ ጋር ያመጣነውን፣ ቻርጅ የሚደረገውን ስፒከር ከእህል ተራው ዳር ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። እኔ ደግሞ ገበያውን ዞርኩ። ለምን በለኝ። አጨብጫቢ አስቀድመው አሰማርተው ቢሆንስ? አቶ እንድሪስ አንዱን ሰውዬ ሲጨብጡ አየሁ፣ ሮጬ ደረስኩ።

"ማን ነው ይሄ?"

"የባለቤቴ ወንድም ነው።"

"ምን ሊያደርግ መጣ?"

"ገበያ እኮ ነው አባ ይመር። ሰው ገበያ ምን ሊያደርግ ይመጣል?"

"እኔ እንጃ" አልኩ፣ ግን ከሰውዬው ጎን አልተለየሁም።

ታዲያ ጀመሩ። ወላሂ፣ ያን ጊዜ የጠላሁት ነገር ቢኖር ማማሩን ነው። ሁለቱ ፊታቸው ተኮሳትሯል፣ ዓይናቸው አንዱ የአንዱ ጣት ላይ ነው፣ እና ከመጠባበቃቸው የተነሳ አንድ ሰው የሚመታት ነው የሚመስለው። ጊታሩ ሲያጓራ አህያ ደነበረ፣ ሰው ከበበ። ግን የሚዘፍን የለም። የጀማልንም ቃል የሚል የለም፣ የከድርንም የሚል የለም። አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። አለቀልን አልኩ፣ ሰርጉም ቀረ።

እና እንደዚያ እያልኩ ዓይኔ ወደ እህል ተራው ሄደ። ሴቶቹ ገብስ ያበጥራሉ፣ ሰፌዳቸውን ይዘው። ዜማዋ ስትወጣ ሰፌዱ ይነሳል። ያቺ የምትንጠለጠልበት ቦታ አለች አላልኩህም? እዚያ ላይ ገብሱ አየር ላይ ነው። ዜማዋ ስትወርድ ገብሱም ሰፌዱ ላይ ይወርዳል። መጀመሪያ ዓይኔን ጠረጠርኩ። ደግሜ አየሁ። እንደገና ወጣች፣ ገብሱ አየር ላይ ቆመ፣ ወረደች፣ ገብሱ ወረደ። ከዚያ ፋጡማ የምትባል እህል ሻጭ ቀና እንኳ ሳትል ዜማዋን አነሳቻት፣ ሌሎቹም ተቀበሏት፣

"ና ንፋሱ ና፣ ቀስ እያልክ ና፣
ገለባውን ውሰድ፣ ፍሬውን ተውና።"

ልክ ያቺው ዜማ ናት፣ አንዲት ጠብታ አልቀረችም። ጊታሮቹ ቀጥ አሉ። ፋጡማ ሰፌዷን እንደያዘች ተነስታ መጣች። "የማን ልጆች ናችሁ? ማን ሰጣችሁ?"

"መጣችልኝ" አለ የእኔው ጅል።

"እኔ እዚህ ተቀምጬ ለአንተ መጣችልህ? አውቅሃለሁ እኮ። እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ የደጎሎ መኪና የምትጠብቅ ልጅ አይደለህ? ስትሄድ እዚህ፣ ስትመለስ እዚህ።" ወደ ከድር ዞረች። "አንተም የአክስትህን እህል ልታስጭን እየመጣህ እዚሁ ነው የምትገተረው።"

ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ። ለካ ጀማል እጮኛውን ሊያይ ሲመላለስ ከላላ ላይ መኪና ይቀይራል፣ ዜማዋ እዚያ ገብታበታለች። ለካ ከድርም እንደዚያው ነው። ማንም ከማንም አልወሰደም፣ ሁለቱም ከፋጡማ ነው። እኔም እፎይ ልል ስል አባ ሰይድ ምን አሉ መሰለህ? "ስፒከሩ ይቆይ።"

"ለምን?"

"የሰው ከብት ይዞ የተገኘ ካሳ ሳይከፍል አይሄድም። የእኛን ይዛችሁ ተገኝታችኋል።" ወዲያው የከላላ ጎረምሶች ስፒከሩን ከበቡት። አየህ? ዳኛ ያልኳቸው ሰው ከሳሽ ሆነው ቁጭ። ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር፣ ያቺን ዜማ ሲሰሟት ነው ያረጁት። ገበያው መሃል ልቀቋት ያሉት እኛን በገዛ እጃችን ለማስያዝ ነው። እስከ ዛሬ ፊታቸውን ሳይ፣ አውቀው ነው እላለሁ።

ግን እኔን የጨነቀኝ ስፒከሩ አይደለም፣ ሰርጉ ነው። አቶ እንድሪስን ወደ ዳር ወሰድኳቸው። "አሁን ሌባው ማን ሆነ?"

"እህም። ሁለቱም።"

"ልጄን ለሌባ አልሰጥም ብለው ነበር። ልጅዎም ሌባ፣ ልጄም ሌባ። እኩያ ቤት ማለት ከዚህ በላይ ምን አለ?"

ያ ሳላቸው ወደ ሳቅ ዞረ፣ ሳቁና፣ "ይሁን" አሉ። ቶሎ "ይሁን" የሚል ሰው ያስፈራኛል፣ እና በአባ ሰይድ ፊት አስደገምኳቸው። ለከላላ ደግሞ ካሳው እንዲህ ሆነ፣ ፋጡማና ጓደኞቿ ሰርጉ ላይ ይጠራሉ፣ ዜማዋን እነሱ በቃላቸው ይጀምራሉ፣ ባንዶቹ ከኋላ ይከተላሉ። በየተጫወቱበትም የከላላ ሴቶች ናት ብለው ይናገራሉ። ስፒከራችን ተለቀቀልን።

ሰርጉም ሆነ፣ ማሻአላህ። ዳሱ ሞላ። ፋጡማ ሰፌዷን ይዛ መሃል ገባች፣ ነጎድጓድ በዚህ፣ ገደል ማሚቶ በዚያ፣ ጊታሩ አጓራ፣ ዘይነባ በመሸፈኛዋ ውስጥ ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እና እኔ ገና አሁን ልቤ አረፈ ብዬ ቁጭ ስል፣ አጠገቤ የተቀመጠው የወግዲ እንግዳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"አባ ይመር፣ ይህች ዜማ እኮ የእኛ የወግዲ ናት። እናቴ ጤፍ ስታበጥር የምትላት ናት። ለከላላ ማን ሰጣቸው?"

ዞር ብዬ አየሁ፣ አባ ሰይድ ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። አቶ እንድሪስ ገና እየበሉ ነው። ከሰንጋው ጥሩ ጥሩውን መርጬ ሰውዬው ፊት አደረግኩለት። "ዝም በል" አልኩት፣ "ስርቆት አይደለም፣ ተጽዕኖ ነው። ብላ።"

"ምንድን ነው ተጽዕኖ?"

"ብላ፣ በኋላ እነግርሃለሁ።"

እና ተነስቶ እስኪሄድ ድረስ ከጎኑ አልተለየሁም፣ መኪና ላይ ያሳፈርኩትም እኔ ነኝ። ምን ያስቅሃል? ቆይ እስቲ፣ አንተ የየት አገር ልጅ ነኝ ነበር ያልከኝ?

"በእናቴ የወግዲ ነኝ፣ አባባ።"

በል ያን ስልክ አጥፋው።