ያለመናገር መብት

ከሰመራ ወደ ዱብቲ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ የአፋር ሽማግሌ አጠገባቸው ያለውን ወጣት ያዋሩታል።

«ከየት መጣህ?»

«ከሰርዶ።»

«ምን አየህ? ምን ሰማህ?»

«አባቴ፣ እኔ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ሕገ መንግሥቱ ያለመናገር መብት ሰጥቶኛል።»

«እሱማ ፖሊስ ለያዘው ሰው ነው። ልጄ ጮክ ብላ ስታጠና ሰምቻለሁ። ፖሊስ ይዞሃል እንዴ?»

«ኧረ አልያዘኝም!» ብሎ ሳቀ።

«እንግዲያው ዳጉህን፣ የመንገድ ወሬህን ንገረኝ። በእኛ ወግ መንገደኛ ያየውን አይደብቅም።»

«ምን ልንገርዎት? ከባድ መኪና፣ አቧራ… አዎ፣ አንዲት ግመል ብቻዋን ሰርዶ መውጫ ላይ መንገድ ዳር ቆማ ነበር።»

«ጆሮዋ የተቆረጠ?»

«አዎ፣ ግራው።»

«ወራጅ አለ!»

ጠዋት በዚያ ሳልፍ ያቺን ግመል እኔም አይቻት ነበርና፣ ሽማግሌው ሲወርዱ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።