የአክስት ላቭዴይ ሁለት ጠርሙሶች

ከመዳብ ጉድጓዶቹ ሰፈር እስከ ባሕሩ ድረስ ያለው መንገድ አንድ የሚያስጠልል ዛፍ የለውም። እኔ ግን ከሥራ በወጣሁ ቁጥር በዚያ መንገድ ብቻዬን መመላለስ እወዳለሁ፤ ሰዎችም «ፔትሮክ ከማዕበል ጋር ቀጠሮ አለው» እያሉ ይስቁብኛል። አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከባሕሩ ስመለስ አንድ ሰው ከኋላዬ ስሜን ጠራ። ዘወር ብል ሲላስ ናንኪቬል ነው። አንድ ትምህርት ቤት ነበርን፤ እሱ አሁን አደላይድ ከተማ ወርዶ ከአንድ መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ሙያ ይማራል።

«አንተ ሰው፣ አሁንም ከውሃ ጋር ነው የምታወራው?» አለኝ።

«ውሃ መልስ አይሰጥም፤ የምወደውም ለዚሁ ነው።»

እየተጫወትን ወደ ሰፈር ስንገባ አክስት ላቭዴይ ፔንሄል ደጃፋቸው ላይ ካልሲ ሲጠግኑ አገኘናቸው። ባሕር አቋርጠን እዚህ ለቁፋሮ በመጣን በእኛ በኮርንዎል ሰዎች ዘንድ ያረጀ ሁሉ የሁሉም አጎት ወይም አክስት ነው፤ የሥጋ ዝምድና አይጠየቅበትም። ባለቤታቸው አጎት ዲጎሪ በሕይወት ሳሉ የጉድጓድ ካፒቴን፣ ማለትም የቆፋሪዎች አለቃ ነበሩ፤ የአክስት ላቭዴይም ድምፅ ከካፒቴን አያንስም። በጸሎት ቤታችን መጠጥ ላለመቅመስ ከማሉት ሴቶች ግንባር ቀደሟ እሳቸው ናቸው። የመሐላው ምልክት የሆነችው ሰማያዊ ጥብጣብ ከደረታቸው ተለይታ አታውቅም፤ በመሸታ ቤት በኩል ማለፍ ግድ ሲሆንባቸው እንኳ አፍንጫቸውን ይዘው ነው።

«ኧረ ሲላስ! ምነው እንዲህ ከሳህ? አደላይድ ምግብ የለም እንዴ?»

«ምግብስ አለ አክስቴ፤ የእርስዎን የመሰለ የለም እንጂ።»

«ምላስህ ግን አልከሳም። ግቡ፣ ግቡ! ሻፍሮን ቅመም የገባበት ዳቦ ጋግሬያለሁ።»

ገባን። ቤቱ ጸጥ ብሏል። የእኔና የእሳቸው ቤት በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ስለሆነ ጸጥታው ወዲያው አስገረመኝ። ልጃቸው ጄኒፈር ከተስቦ ገና ማገገሟ ነው፤ በውስጠኛው ክፍል ተኝታለች። ባሏ ጉድጓድ ወርዷል። የሁለቱ ሕፃን ጃበዝ ግን ጥርስ ሊያበቅል ከጀመረ ወዲህ ሌት ተቀን ሲያለቅስ ነበር የሰነበተው።

«ጃበዝስ የት ሄደ?» አልኩ።

«ተኝቷል፤ ከጠዋት ጀምሮ፤ እንደ መልአክ!» አሉና በኩራት ወደ መደርደሪያው ጠቆሙ። ሁለት ጠርሙሶች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። በሁለቱም ላይ ነጭ ጢማቸው የተንዠረገገ ሰባኪ ተስለው ፈገግ ብለዋል። «ትልቁ የእኔ የደም ማበርቻ ነው፤ ትንሹ የጃበዝ ማረጋጊያ። ሁለቱንም የሚያመጣልን ያ በጋሪ የሚዞረው ነጋዴ ነው። እግዜር ይባርከው፣ ቤቴን ሰላም አደረገልኝ።»

ሲላስ የያዘውን ዳቦ ሳይቀምስ አስቀመጠው።

«ከጠዋት ጀምሮ አልጠባም ማለት ነው?»

«አልጠየቀማ።»

«አክስቴ፣ እባክዎ አንድ ጊዜ ልየው።»

«የተኛ ሕፃን አይቀሰቀስም! ይሄንን ለማወቅ አደላይድ መሄድ አያስፈልግም።»

«አልቀሰቅሰውም፤ አየዋለሁ ብቻ።»

እያጉረመረሙ ወደ አልጋው መሩን። ሲላስ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ከሕፃኑ አፍ ላይ አደረገ። ከዚያ የዓይኑን ቆብ በጣቱ ገለጥ ሲያደርግ እኔም አየሁ፤ የዓይኑ ብሌን የመርፌ ጫፍ አክላለች። ከንፈሩ ጠቆር ብሏል። አንዴ ተነፈሰ። ሁለተኛውን ትንፋሽ ጠበቅሁ፤ መጣ፣ ግን እንደ ሰነፍ ሠራተኛ ዘግይቶ ነው የመጣው።

ሲላስ ልጁን ከአልጋው አንሥቶ የውስጥ እግሩን ማሸት ጀመረ። «ፔትሮክ፣ ሩጥና የማዕድኑን ሐኪም ጥራ» አለኝ።

አክስት ላቭዴይ ቀድመውኝ በሩ ላይ ቆሙ።

«ማንን? ያንን ሰካራም? ጄኒፈር በትኩሳት ስትቃጠል ‹ብራንዲ በማንኪያ ስጧት› ያለኝን? ማታ ማታ መሸታ ቤት የሚያድር ሰው የልጅ ልጄን አይነካም!»

«አክስቴ፣ ሕፃኑ እንቅልፍ ላይ አይደለም። ተመርዟል።»

«ተመርዟል! በማን? በእኔ?» ፊታቸው ቀላ። «አየህ ፔትሮክ፣ የዛሬ ልጅ! ትንሽ ፊደል ሲቆጥር አያትን ገዳይ ይላል። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ማንበብ አቅቶህ ነው? ‹ከእንስላልና ከማር ብቻ የተሠራ፤ አንዳች አልኮልና ጎጂ ነገር የሌለበት› ይላል። የእግዚአብሔር ሰው መልካቸውን አስለው መስክረዋል!»

አንባቢ ሆይ፣ በዚህች ሴት አትፍረድ። መጠጥን ጠላት አድርገው የኖሩት በከንቱ አይደለም፤ ወንድማቸው ሰክሮ ጉድጓድ ገብቶ ነው የሞተው። ስለዚህ ሐኪሙ መጠጥ ሲሸታቸው እውቀቱን ሁሉ ጣሉት፤ ወረቀቱ «መጠጥ የለብኝም» ሲላቸው ደግሞ ሌላውን ሁሉ አመኑት። በአንድ በር ዘብ የቆመ ሰው ሌላውን በር ክፍት መተዉን አያስተውልም።

ሲላስ የልጁን እግር ማሸቱን ሳያቋርጥ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አክስቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አጎት ዲጎሪ ‹መዳብ የሞላበት ነው› የተባለ ድንጋይ ሲመጣላቸው ምን ያደርጉ ነበር?»

«ምን ያደርጋሉ፤ ይፈጩታል፤ አካፋቸው ላይ አድርገው በውሃ ያጥቡታል። ከባዱ ይቀራል፣ ገለባው ይሄዳል። ይሄ ምን አገባው?»

«ሻጩ ‹መድከም አያስፈልግም፤ ሰባኪው መስክረውለታል› ቢላቸውስ?»

አክስት ላቭዴይ ሳያስቡት ሊስቁ ቃጣቸው። «‹ሰባኪው ስለ ሰማይ ይመስክሩ፤ ስለ ድንጋይ የሚመሰክረው አካፋዬ ነው› ነበር የሚሉት።»

«እንግዲያው ይህንንም አካፋ ላይ እናውጣው። ከትንሹ አይደለም፤ ከእርስዎ ከትልቁ። ውሸታም ከሆንኩ ሐኪሙ አይጠራም፤ እኔም ከዚህ ቤት እወጣለሁ።»

ዓይናቸው ከጠርሙሱ ወደ ሕፃኑ፣ ከሕፃኑ ወደ ጠርሙሱ ተመላለሰ። በመካከሉ የጃበዝን ትንፋሽ ሦስታችንም እየጠበቅን ነበር።

«አካፋው ከጓዳ ነው» አሉ በመጨረሻ።

አካፋውን አምጥቼ ምድጃው ላይ አጋልኩት፤ ከማበርቻውም አፈሰስኩበት። ፈሳሹ ተንጨረጨረ፤ እንፋሎቱ ተነሣ። የተቀጣጠለ ስንጥር ሳቀርብለት ሰማያዊ ነበልባል አካፋው ላይ ከዳር እስከ ዳር ሮጠ። የእንስላሉና የቅመሙ ሽታ ቀድሞ ጠፋና ሌላ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ የደመወዝ ቅዳሜ ማታ ከመሸታ ቤት በር የሚወጣው ያው ሽታ።

«ይሄማ...» አሉ አክስት ላቭዴይ፤ ወንበሩን ይዘው ቆሙ። «ይሄማ አረቄ ነው። ሲላስ፣ ከእራት በፊት አንድ ብርጭቆ፣ ከጸሎት በፊት አንድ ብርጭቆ... ወይ ጉዴ! ለካ መዝሙር ስዘምር እንዲያ ደስ የሚለኝ...»

ሌላ ቀን ቢሆን ያስቀን ነበር።

«ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ የደበቀው ሰው ነው» አለ ሲላስ በፍጥነት። «ግን ይፍረዱ። በትልቁ ጠርሙስ የዋሸ ሰው በትንሹ እውነት ይናገራል? በአደላይድ እንዲህ ያለ ሽሮፕ ስንት ጊዜ መጥቶልናል! ትንሹ ውስጥ ያለው ኦፒየም የሚባል አደንዛዥ ነው። ሕመሙን አያድንም፤ ልቅሶውን ነው የሚያፍነው። ሲደጋገም ደግሞ ትንፋሹንም ያፍናል። ዛሬ ስንት ጊዜ ሰጡት?»

«ባለቀሰ ቁጥር» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ጮኹ፤ «ምን ይገትርሃል አንተ ሕልመኛ! ሐኪሙን ጥራ! ቢሰክርም ተሸክመህ አምጣው!»

ሮጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን መንገድ ረዝሞብኝ አያውቅም። የማዕድኑ የውሃ መሳቢያ ሞተር እንደ ወትሮው ከሩቅ ይተነፍሳል፤ አንድ ጊዜ ዘገየ መሰለኝና ይበልጥ ሮጥኩ። ሐኪሙን ቤታቸው ማዕድ ላይ አገኘኋቸው። ብራንዲ መሽተታቸው እውነት ነው፤ «የሽሮፕ ሕፃን» ስላቸው ግን ሹካቸውን ጥለው ኮታቸውን ሳይለብሱ ጋሪያቸው ላይ ወጡ። «ስንተኛው መሆኑ ነው!» ይላሉ ፈረሱን እየገረፉ፤ «ዘግይታችሁ ትጠሩኛላችሁ፣ ከዚያ ‹ሐኪሙ ገደለው› ትላላችሁ።»

ስንደርስ ሲላስ ልጁን ይዞ በክፍሉ ውስጥ ይመላለሳል። ሐኪሙ መረመሩት፤ ከቦርሳቸው መድኃኒት አውጥተው አፉ ውስጥ አንጠባጠቡ፤ ፊቱን በቀዝቃዛ ጨርቅ አስጠረጉ። ከዚያ አክስት ላቭዴይን አዩና፣

«ከአሁን በኋላ እንዲተኛ አይፈቀድለትም፤ ከተኛ አይነሣም። እርስዎ ያዙት። የውስጥ እግሩን በጣትዎ ይምቱት። ጠንከር አድርገው!»

ልጁ እንዳይነቃ በጣታቸው ጫፍ ይሄዱ የነበሩት ሴት የልጅ ልጃቸውን እግር ይመቱ ጀመር። እንባቸው በአፍንጫቸው ይወርዳል። «ንቃ የኔ ጌታ፣ ንቃ! ጩኽ! ከፈለግህ ሰፈሩን በሙሉ አውከው!» ጄኒፈር ግድግዳውን ተደግፋ ከክፍሏ ወጣች፤ መሬት ላይ ተቀምጣ የልጇን እጅ ያዘች። ከትንፋሽ እስከ ትንፋሽ ያለችው ጊዜ አንዴ ታጥራለች፣ አንዴ ትረዝማለች፤ ስትረዝም ሁላችንም እንገረጣለን።

ፀሐይ ከማዕድኑ ጢስ ማውጫ ኋላ ስትወርድ ጃበዝ ግንባሩን ቋጠረ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ከዚያም የቀጠነ፣ የተቆጣ ለቅሶ ወጣው። ጄኒፈር እጁን ሳመችው።

ሐኪሙ እጃቸውን ሲታጠቡ አክስት ላቭዴይ ቀረብ አሉ። «ጌታዬ፣ ውለታዎን አልክድም። ግን ብራንዲ ይሸታሉ።»

«እሸታለሁ እመቤቴ፤ ጥሩም አይደለም። ግን በእንስላል አልሸፈንኩትም።»

«ታዲያ ጥርስ ሲያመው ምን ላድርግ? ለቅሶውን እንዴት ልቻለው?»

«ውሃ አፍልተው ያቀዝቅዙ፤ ንጹሕ ጨርቅ ነክረው ያኝከው። የሚጠባበትን ጡጦ በየጊዜው ይቀቅሉት፤ ግማሹ ሕመም ከዚያ ነው። የቀረውን ያለቅሰው፤ ሕፃን የት እንዳመመው የሚናገርበት ሌላ አፍ የለውም። ትኩሳት ካለው እኔን ጥሩኝ።»

ያን ሰሞን ሲላስ ወደ አደላይድ ከመመለሱ በፊት በጸሎት ቤቱ የሴቶች ማኅበር ይህንኑ አስረዳ። ሴቶቹ መጀመሪያ ተንሾካሾኩ፤ ከመካከላቸው ያንን ማበርቻ የማይጠጣ ጥቂት ነበርና። ያኔ አክስት ላቭዴይ ተነሥተው፣ «ስሙኝ፤ እኔ ማልኩ ብዬ ስኮራ ዓመቱን ሙሉ አረቄ ስጠጣ ነው የከረምኩት። እኔ ካላፈርኩ እናንተ ምን ታፍራላችሁ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» ሲሏቸው ሁሉም ሳቁ፤ አንዳንዶቹ ግን እየሳቁ አለቀሱ። እነዚያ ከዚህ በፊት «በእንቅልፉ ሄደ» ብለው ሕፃን የቀበሩት ናቸው። ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ጡጦ ሳይቀቀል አይሰጥም፤ ሕፃን ሲታመም ቀድሞ የሚጠራው ሐኪም ነው፤ ለጠርሙስ ይወጣ በነበረው ገንዘብም ወተት ይገዛበታል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን እናቶቻችን መጠየቅን መልመዳቸው ነው። መድኃኒትን መጥላት አላዋቂነት ነው፤ የቀረበውን ሁሉ መዋጥም እንዲሁ። አዋቂ ማለት፣ ምን እንደሆነ ጠይቆ የሚቀበል፣ መልስ ካጣም ጠርሙሱን የሚመልስ ነው።

ያ ባለ ጋሪ ነጋዴ ተመልሶ የመጣው ቅዝቃዜው ሲገባ ነው። ደወሉን እያቃጨለ ጠርሙሶቹን ደረደረ። አክስት ላቭዴይ ጃበዝን አዝለው ወጡ፤ እኔም ከደጄ ቆሜ አያለሁ።

«እንደምን ከረሙ እመቤቴ! እንደ ልማድዎ ሁለት?»

«ውስጡ ምን አለበት?»

«እንዴ! ይህማ የሙያ ምስጢር ነው።» ሳቀ።

«እኔ ዳቦዬ ውስጥ ምን እንደጨመርኩ ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ። ሕፃን አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር ምን ምስጢር አለው? ንገረኝና ልግዛ።»

ነጋዴው ዞር ዞር ብሎ ሌላ ገዢ ፈለገ። በየደጁ ሴቶች ቆመዋል፤ ሁሉም መልሱን እየጠበቁ። ጠርሙሶቹን ሰብስቦ ወደ ሣጥኑ መለሰና ፈረሱን በሰሜን በኩል ወዳለው ሰፈር አዞረ።

ጋሪው ከጥጉ ሲጠመዘዝ የአክስት ላቭዴይ ፊት ተለወጠ። «እዚያም ሕፃናት አሉ» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ጃበዝን ከጀርባቸው አውርደው ክንዴ ላይ ጣሉት፤ «ያዝልኝ» አሉኝና ቆባቸውን ሳያስሩ ጋሪውን ተከትለው በእግራቸው መንገድ ጀመሩ።

ሕፃን ይዤ አላውቅም ነበር። ጃበዝ ፊቴን አይቶ ግር አለው፤ አፉን ከፈተና ጆሮዬን እስኪያደነቁረኝ ድረስ ጮኸ። አላባበልኩትም። አቅፌው፣ አክስት ላቭዴይ አቧራው ውስጥ እስኪጠፉ ድረስ ቆሜ አየሁ።