የማይታጠበው ብርጭቆ

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ ፀሐይ ላይ አቁሜያችሁ ብዙ አልናገርም። ዛሬ ከምንቀብራት ከዚህች ሴት ጋር በአንድ ቤተ ሙከራ ነው ያረጀነው። ስሟን ትተን «እስቲ እንየው» ነበር የምንላት። ለምን? ወሬ ብትነግሯት፣ ዕቃ ቢሰበር፣ መጀመሪያ ካፏ የሚወጣው እሱ ነበራ።

ሥራዋ ብርጭቆ ማጥቆር ነበር። ጨረር ያለበት ክፍል የሚታየው በወፍራም የብርጭቆ መስኮት ነው። ጥርት ያለው መስኮት ግን ጨረር ሲመታው ውሎ አድሮ እንደ ወፍራም ሻይ ይጠቁራል። መስኮቱ ከጠቆረ ውስጡን ማን ያየዋል? ጨረሩ ብርጭቆው ውስጥ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ከቦታቸው ያፈናቅላል። የተፈናቀሉት ባገኙት ስርጓጉጥ ይወሸቃሉ፤ እዚያ ሆነው ብርሃኑን ይውጡታል። ታዲያ ማንም ሳይነካቸው ይመለሳሉ? ይህን ለማወቅ አንድ የጠቆረ የብርጭቆ ቁራጭ ቤቷ፣ ጨለማ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠች። ብርጭቆው ራሱ ጨረር የለውም፤ ጎረቤቶች አትደንግጡ።

አንድ ቀን ባለቤቷ፣ እነሆ እዚህ የቆሙት ጋሼ፣ መሳቢያውን ከፈቱ። ጋሼ ቆሻሻ ካዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። በሳሙና ፈተጉት። በሎሚ ፈተጉት። ወይ ፍንክች! ይድረቅ ብለው የጋለ ምድጃ ውስጥ ከተው ረሱት። ሲያወጡት እንደ ውኃ ጠርቷል፤ ሙቀቱ የተፈናቀሉትን ወደ ቦታቸው መልሷቸዋል። ጋሼም ደስ ብሏቸው «አጸዳሁልሽ» አሏት። የስንት ዓመት ጥበቃ ገደል ገባ። ተቆጣች? እንኳን ልትቆጣ፣ ወንበር ስባ አጠገባቸው ቁጭ አለች። «ምድጃው ምን ያህል ግሎ ነበር? እስቲ እንየው።»

ሌላ ብርጭቆ አጥቁራ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ከተተች። አልፎ አልፎ ታወጣዋለች፣ አይታ ትመልሰዋለች። ታማ ልጠይቃት ስሄድ፣ «እኔ ከሄድኩ ማን ያየዋል?» አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ጋሼ ያንን ብርጭቆ በመሐረብ ጠቅልለው ሰጡኝ። «ሳጥኗ ውስጥ ክተትልኝ፤ እኔ እንደሆነ አበላሸዋለሁ» አሉኝ። እሺ ብዬ ተቀበልኩ። እጄ ግን እምቢ አለኝ። ይኸው፣ ኪሴ ውስጥ ነው። ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አፈር ውስጥ ማን ያየዋል?

እንኩ፣ ይያዙት። አይጠቡት፣ አያሙቁት፤ ማየት ብቻ። አሁን ወደ ብርሃኑ ከፍ ያድርጉት። እንዲያ። ምን አሉ? ድምፅዎ አልተሰማኝም።

እህቴ፣ ሰማሽ? «እስቲ እንየው» አሉ። የሚያየው ሰው ተገኝቷል። በይ ደህና ሁኚ።