በስሜ ስለተከፈቱት ሦስት ገጾች

የምስክር ቃል

የምስክሩ ሙሉ ስም፦ ገብረ መድህን ወልደአማኑኤል ሽፈራው
ዕድሜ፦ 56
የትምህርት ደረጃ፦ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ በዕፅዋት ሳይንስ
ሥራ፦ ቀድሞ የእርሻ መምህር፣ አሁን የገብስ ዘር አባዢ
አድራሻ፦ መኖሪያ አሰላ ከተማ፣ እርሻ ዲክሲስ ወረዳ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ቦታ፦ ማክሰኞ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ፣ አሰላ፣ ፖሊስ ጣቢያ
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሳጅን ዋቅቶላ ቱፋ

ቃሌን ከመስጠቴ በፊት የተጻፈብኝ ነገር ቃል በቃል እንዲሰፍር ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። «ዳገት ዜና» በተባለው ድረ ገጽ ላይ ጥር 15 ቀን የወጣው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ሦስተኛዋ ወፍም ያንኑ ስም ጠራች። በገብርኤል ዕለት የወይዘሮ ታየችን የገብስ ክምር ያቃጠለው ጎረቤታቸው መምህር ገብረ መድህን ነው። ኮምባይነር በማሳዬ አያልፍም ብሎ ባልቴቷን በማጭድ ያሳጨደው፣ የታጨደውንም በክብሪት የጨረሰው እሱ ነው። ሦስት ወፍ ካለች ነገሩ አልቋል።» የጸሐፊ ስም በሚቀመጥበት ቦታ «ሦስተኛዋ ወፍ» የሚል ተጽፏል። ከጎኑ የእኔ ፎቶግራፍ አለ። ጥር 13 እና 14 የወጡት ሁለት ጽሑፎች ደግሞ «አንደኛዋ ወፍ» እና «ሁለተኛዋ ወፍ» በሚል ስም ይህንኑ በሌላ አነጋገር ይደግማሉ። የሦስቱንም የታተመ ቅጂ አያይዣለሁ።

ወፍ ማለት ምን እንደሆነ እንዲመዘገብ ምክትል ሳጅኑ ስለጠየቁኝ የሚከተለውን አስረድቻለሁ። በድሮው አውጫጭኝ አጥፊው ያልታወቀ ጥፋት ሲደርስ አገሬው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ያየ ወይም የሰማ ሰው ለተመረጡ ሽማግሌዎች ለብቻው ሄዶ ይናገራል። ስሙ ለሕዝብ ስለማይገለጽ ወፍ ይባላል። ሽማግሌዎቹ ግን ማን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ያስምሉታል፤ በውሸት ከተገኘም ይጠየቃል። «ዳገት ዜና» ሽማግሌውንና መሐላውን ትቶ ወፏን ብቻ ወስዷል።

ቅዳሜ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. የገብርኤል በዓል ነበር። በዲክሲስ የማሳ አዋሳኜ ወይዘሮ ታየች ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የሚጠጋ ባልቴት ናቸው፤ እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። አገሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን በሄደበት፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ፣ የዓመት ምርታቸው የሆነው ክምር ተቃጥሏል። ማን እንደለኮሰው እስከ ዛሬ አልታወቀም። እኔም አላውቅም።

የተጠረጠርኩበትን ምክንያት አልደብቅም። ኅዳር መጨረሻ ላይ ኮምባይነር ወደ እትዬ ታየች ማሳ ለመግባት በእኔ ገብስ ላይ ማለፍ ነበረበት። የእኔ ገብስ ለዘር የተያዘ ስለነበረና ገና ስላልደረቀ ከለከልኩ። ጥቂት ቀን እንዲታገሡኝ ለመንኳቸው። ማሽኑ ግን ሰው አይጠብቅም፣ ወደ ጢቾ ተሻገረ። እሳቸውም በማጭድ አሳጭደው ከመሩ። በዚያን ጊዜ «ገብረ መድህን፣ አንተ የተማርከው ለእህል ነው፣ ለሰው አይደለም» ብለውኛል። ዘሩን በሚመለከት ዛሬም ያንኑ እወስናለሁ። ክብሪት መጫር ግን ሌላ ነገር ነው።

ክምሩ በተቃጠለበት ሰዓት እኔ አሰላ ነበርኩ። ከዲክሲስ አሰላ በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። የ«ዳገት ዜና» ባለቤት ጌትነት ተማሪዬ የነበረ ነው። ድረ ገጹን አዲስ ሲያዘጋጅ የጽሑፍ ገጾቹ ምን መምሰል እንዳለባቸው እንዳሳየው ስለጠራኝ፣ በዚያ ዕለት ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት በቢሮው አብሬው ውያለሁ። ርዕሱ ከላይ፣ ከሥሩ የጸሐፊው ስም፣ ከስሙ ቀጥሎ ጽሑፉ የወጣበት ቀንና ሰዓት፣ ከእያንዳንዱ ፎቶግራፍ በታች መግለጫ፣ ከመጨረሻው አንቀጽ በታች የእርምት ቦታ እንዲኖር አዘዝኩ። «ጋሼ፣ ሳንሳሳት ከወዲሁ እርምት?» ብሎ ሳቀ። «ትሳሳታለህ» አልኩት። አንባቢ የጸሐፊውን ስም ሲነካ ያ ሰው የጻፈው ሁሉ ተዘርዝሮ እንዲወጣ ያደረግኩትም እኔ ነኝ። ለሙከራ በእኔ ስም አካውንት ተከፈተና ዋግ ስለሚባለው የገብስ በሽታ የጻፍኩትን አንድ ገጽ አወጣን። ገጹ የወጣው ከቀኑ 6 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ ነው፤ ሰዓቱን ድረ ገጹ ራሱ መዝግቦታል። ፓስወርዱን የመረጠውና የሚያውቀው ጌትነት ነው። ከዚያ ጌትነት ወጥቶ የጾም በያይነት ገዝቶ መጣና አብረን በላን።

ከእሳቱ በኋላ ሰፈሩ እንደ አቅሙ ሲረዳ እኔም ሦስት ኩንታል ገብስ ልኬ እትዬ ታየች ተቀብለው መርቀውኛል። ዓርብ ጥር 16 ቀን ጠዋት ዲክሲስ መጋዘኔ ውስጥ ሳለሁ አንድ ባለ ጋሪ ያንኑ ገብስ በር ላይ አራገፈው። ማን እንደላከው ብጠይቀው «አኒ ሂን ቤኩ፣ እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ፣ አድርስ አሉኝ አደረስኩ» ብሎ ፈረሱን አዞረ። ወዲያው ወደ እትዬ ታየች ቤት ሄድኩ። የዕድራቸው ሰብሳቢ አቶ ከበበው እዚያው ግቢ ተቀምጦ ነበር። እትዬ ታየች ሰላምታዬን ሳይመልሱ «ያቃጠለኝን ሰው እህል ለልጅ ልጆቼ አላበላም» አሉኝ።

«አቃጠልክ ያለኝ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እኔ አላልኩም። ሦስት ወፍ ናት ያለችው።»

«ወፎቹን ማን አያቸው?»

«ስልክ ላይ ወጡ አይደል እንዴ? ከበበው አነበበልኝ።»

የአሠራሩን ጉድለት ላሳያቸው ስልኬን አውጥቼ ገጹን ከፈትኩና «ሦስተኛዋ ወፍ» የሚለውን ስም ነካሁት። የወጣው የራሴ ስም ነው። ከስሜ ሥር ሦስቱ የክስ ጽሑፎች በተርታ ተደርድረዋል፤ ከእነሱ በታች ስለ ገብስ ዋግ የጻፍኩት የሙከራ ገጽ አለ። አንደኛዋንም ሁለተኛዋንም ወፍ ብነካ የወሰደኝ ወደዚያው ነው። አቶ ከበበው በትከሻዬ ላይ አንገቱን አስግጎ «ጸሐፊ፣ ገብረ መድህን ወልደአማኑኤል» ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ። እትዬ ታየችም «እንዲያውም የጻፈው ራሱ ነው!» አሉ። አቶ ከበበው «ግፍ የሠራ ሰው በእንቅልፉ ይለፈልፋል ሲሉ እሰማ ነበር፤ የተማረው ደግሞ በኢንተርኔት ነው ለካ» ብሎ ሳቀ። ግቢውን ለቅቄ ወጣሁ። በእትዬ ታየች ቤት የተረፈ እህል እንደሌለና የእኔን መልሰው ከሰው ብድር እየጠየቁ መሆናቸውን ከጎረቤት ሰምቻለሁ። ፖሊስ ያጣራ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ጥር 17 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ጌትነትን በቢሮው አገኘሁት። የክሶቹ ገጾች በእኔ አካውንት እንዴት እንደተከፈቱ ጠየቅኩት። «እርስዎ ይሙቱ ጋሼ፣ ሆን ብዬ አይደለም» አለ። አዲስ ጽሑፍ ሲመጣ እኔ ያስተካከልኩትን የሙከራ ገጽ አባዝቶ ርዕሱንና ጽሑፉን ብቻ እንደሚቀይር፣ ከላይ የሚታየውን ስም በእጁ እንደሚጽፍ፣ ገጹን የከፈተው ሰው ስም ግን ከሥር ሳይቀየር እንደሚቀር አስረዳኝ። «ገጹ ስለሚያምር ነው እኮ። ያሳመሩት እርስዎ ነዎት» አለኝ።

ይህንን ማብራሪያ አልተቀበልኩትም። ወደ እሱ ከመሄዴ በፊት፣ ከገብርኤል ዕለት ወዲህ በድረ ገጹ ላይ የወጡትን ሌሎች ጽሑፎች በሙሉ አንድ በአንድ አይቻቸው ነበር። የገበያ ዋጋውም፣ እግር ኳሱም፣ የመንገድ ሥራውም የተከፈቱት በጌትነት ስም ነው። በእኔ ስም የተከፈቱት እኔን የሚከስሱት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ይህን ስነግረው «እነዚያን ከሌላ ገጽ ነው ያባዛኋቸው» አለኝ።

ወፎቹ እነማን እንደሆኑ ጠየቅኩት። «ወፍ አይነገርም፤ ይህን እርስዎ ያጡታል?» አለ።

«ለማን ማሉ?»

«በቴሌግራም ነው የላኩልኝ።»

«ሦስት ሰዎች ናቸው?»

«ሦስት ስልኮች ናቸው» አለኝ። ይህ መልሱ በተናገረው መሠረት እንዲሰፍር አሳስቤአለሁ።

ከዚያም በገብርኤል ዕለት አብረን መዋላችንን ለፖሊስ እንዲመሰክር ጠየቅኩት። እስክሪብቶውን እያገላበጠ «እሑድ አልነበረም እንዴ የመጡት?» አለ። የሙከራውን ገጽ ከፍቼ ቀኑንና ሰዓቱን አሳየሁት። «ማሽንም እኮ ይሳሳታል ጋሼ» አለኝ። በዚያ ቢሮ ከእኔና ከእሱ በስተቀር ሌላ ሰው አልነበረም። የት እንደነበርኩ የሚያውቀው ሰው እሱ ነው፤ የከሰሰኝን ገጽ ያወጣውም እሱ ነው። ይህ እንዲሁ የተገጣጠመ ነገር ነው ብሎ ማመን ተስኖኛል።

በመጨረሻ «ሁሉንም ላጥፋልዎትና እንታረቅ» አለኝ። አንዲት ፊደል እንዳይነካ በግልጽ ነገርኩት። አካውንቱ ከጠፋ የሙከራው ገጽም እንደሚጠፋ፣ ያ ገጽ ደግሞ ክምሩ ሲቃጠል አሰላ እንደነበርኩ የሚያሳይ ብቸኛ ማስረጃዬ እንደሆነ አስረዳሁት። «ገብቶኛል» ብሏል። ባለቤቴ አሰፋችም «ይጥፋ በለው፣ ሰው ይረሳዋል» ብላኝ ነበር። ሰው ገጹን ይረሳል፤ ያነበበውን አይረሳም።

ዛሬ ይህን ቃል ስሰጥ ምክትል ሳጅኑ «ታዲያ መምህር፣ ከሳሹም ተከሳሹም እርስዎ ነዎት ማለት ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ከመልሴ ጋር እንዲመዘገብ ጠይቄአለሁ። መልሴ፦ አይደለሁም። የሙከራውን ገጽ የታተመ ቅጂ ሳቀርብላቸው «ወረቀት ማንም ያትማል፤ ገጹን ራሱን ልየው» አሉ። ትክክል ናቸው። ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ40 ላይ በራሳቸው ስልክ «ዳገት ዜና»ን ሲከፍቱ በእኔ ስልክ ከጌትነት አጭር መልእክት ገባ። ለምክትል ሳጅኑ አሳይቻቸው እንዲህ ተገልብጧል፦ «ጋሼ እንደምን አደሩ። ሦስቱንም ወፎች አጥፍቻለሁ። ዳግመኛ ስምዎ እንዳይነሳ ብዬ አካውንትዎንም ጠርጌ አጸዳሁት። ይቅር ይበሉኝ። ተማሪዎ ጌትነት።»

ምክትል ሳጅኑ መልእክቱን አንብበው «እንኳን ደስ አለዎት፣ ተገላገሉ» አሉኝ። የሙከራውን ገጽ እንዲፈልጉ ለመንኳቸው። በስልካቸው ላይ የወጣው «የፈለጉት ገጽ የለም» የሚል ነው። ደግመው ሞከሩ፤ ያው ነው። ከዚያ በኋላ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

ጌትነት ይህን ያደረገው ከቅንነት ነው ወይስ ከተንኮል የሚለውን እኔ አልወስንም። ውጤቱ ግን አንድ ነው። ክሱ በዲክሲስ በየቤቱ አለ፤ መከላከያዬ የለም። ስለዚህ የሚከተለው እንዲፈጸምልኝ እጠይቃለሁ። የጌትነት ኮምፒውተር ሌላ ነገር ሳይጠፋበት በፖሊስ እጅ ይግባ። የጠፉት ገጾች ሊመለሱ ይችሉ እንደሆነ በባለሙያ ይመርመር። ጌትነት ታኅሣሥ 19 ቀን ከማን ጋር እንደዋለ ምሎ ቃሉን ይስጥ። ሦስቱ ስልኮች የማን እንደሆኑ ይጣራ።

የዚህን ውጤት እስከ ዓርብ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ በጽሑፍ፣ ቁጥርና ማኅተም ባለው ደብዳቤ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ደብዳቤው ሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱን እኔ ራሴ ወስጄ ለእትዬ ታየች አስነብባቸዋለሁ። በቃል የሚነገረኝን አልቀበልም። «ጉዳዩ በመጣራት ላይ ነው» የሚል ደብዳቤም መልስ ነው ብዬ አልወስደውም።

ከዚህ በላይ የሰፈረው ያየሁት፣ የሰማሁትና ያደረግኩት ነው። ያልሰማሁትን አልጨመርኩም፤ የማያምርልኝንም አላስቀረሁም። ከተነበበልኝ በኋላ ራሴ ደግሜ አንብቤ፣ ሁለት ቦታ አሳርሜ፣ በእርማቶቹም ላይ ፈርሜአለሁ።

የቃል ሰጪው ፊርማ፦ ገብረ መድህን ወልደአማኑኤል
የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ ምክትል ሳጅን ዋቅቶላ ቱፋ
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 7 ሰዓት