ቀኝ ለቀኝ

አባ መሪ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የመርከብ ጥገናውን ግቢ በር ረግጠው አያውቁም ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ዳቦ ገዝተው ሲመለሱ እግራቸው ወስዶ እዚያው ጣላቸው። ዕድሜ ልካቸውን የነዷት የመንገደኛ መርከብ ከባሕር ተጎትታ ወጥታ፣ በግንድ ተደግፋ ቆማለች። ቀኝ ጎኗ ከወደ ፊት ተቦድሶ ወንበሮቿ ከውጭ ይታያሉ። ከጭነት መርከብ ጋር ተጋጭታ ብዙ ሰው ያለቀባት እሷ ናት፤ መሪዋን እንደያዘ የሞተውም የእህታቸው ልጅ ነው። ሽማግሌው ዳቦውን በብብታቸው ሸጉጠው የተላጠውን ቀለም ዳሰሱት።

ከቀዳዳው ሥር አንዲት ወጣት ሜትር ዘርግታ ትለካ ነበር። ቀና ስትል ተያዩ።

«እንዴት አደሩ፣ አባባ! አላወቁኝም? የፉጨተኛው ካፒቴን ልጅ ነኝ።»

የአባ መሪ ፊት በራ። ፉጨተኛው የልብ ወዳጃቸው ነበር። በወደቡ አፍ ላይ በተገናኙ ቁጥር መርከቦቻቸውን አጠጋግተው፣ ቀኝ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው፣ «ልጆች እንዴት አደሩ?» ይባባሉ ነበር። የካፒቴኑ መቀመጫ በቀኝ በኩል ስለሆነ፣ በዚያ ወደብ በግራ መተላለፍ ጀርባ እንደ መስጠት ይቆጠራል። አንድ ቀንማ ፉጨተኛው ትኩስ ዳቦ ከመስኮት ወደ መስኮት ወርውሮ፣ ዳቦው ባሕር ገብቶ፣ ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ደግ ዘመን ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም።

«እንኳን አባትሽ ይህን ጉድ አላየ» አሉ። «አንቺስ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«የአደጋ መርማሪ ሆኛለሁ፣ አባባ። የግጭቱን ምክንያት ነው የምፈልገው።»

«ምን ይመረመራል? ጭጋግ ነበር። የጭነት መርከቡ ካፒቴን ደግሞ እንግዳ ነው፤ ባሕራችንን አያውቅም። ታስሮ የለ እንዴ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይዘሻል።»

«ጭጋግስ ነበር፤ ግን ተያይተዋል። ፊት ለፊት የተገናኙ መርከቦች ሁለቱም ወደየቀኛቸው ዞር ብለው፣ ግራ ለግራ ይተላለፋሉ፤ የባሕር ሕጉ ይህ ነው። እንግዳው ወደ ቀኙ ዞረ። ይህችም ወደ ቀኟ ብትዞር ኖሮ የሚቦደሰው ቀኝ ጎኗ ነበር? ወደ ግራ ዞራ እሱ በሚሄድበት ገባች።»

ሽማግሌው ቀና ብለው የተቦደሰውን ጎን አዩ።

«ለምን ወደ ግራ እንደዞረች የወደቡን ካፒቴኖች ጠየቅኳቸው። አንዱ ጣሪያ ጣሪያ ያያል፣ አንዱ ድንገት ያስለዋል። ምርመራው ነገ ይዘጋል፤ ሰውየው ገዳይ ተብሎ ሊቀር ነው። እርስዎ ግን ያውቃሉ።»

«ሰላም ሊለው ነዋ!» አሉ ድምፃቸው ተሰብሮ። «ሰው አክባሪ ነበር። ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አሁን ተነስቼ ሙት ልክሰስ? እህቴን በምን ዓይኔ ልያት? ደግሞስ ስንት ዘመን ስንተላለፍ ምን ሆንን?»

«እርስ በርስ ስለምትተዋወቁ ነዋ! አሁን ወደቡ በእንግዳ ተሞልቷል። እስቲ ልጠይቅዎት፤ ደጃፍዎ ላይ ጉድጓድ አለ እንበል። እርስዎ ያውቁታል፣ እንግዳዎ አያውቀውም። ቢወድቅ ጥፋቱ የማን ነው?»

«የባለቤቱ ነው እንጂ።»

«ሕጉ እኮ ለማናውቀው ሰው የምናቀርበው ሰላምታ ነው፣ አባባ። ስምህን ባላውቅም ወዴት እንደምዞር እወቅ፣ ልጆችህ ጋ በሰላም ግባ ማለት ነው።»

ልማድ የሚለወጠው ክፉ ሲሆን ብቻ አይደለም፤ ደጉም ልማድ ዘመን ሲያልፍበት ሰው ይገድላል። ይህን ለወጣት መንገር ቀላል ነው። ልማዱን ለሚወድ ሽማግሌ ግን የገዛ ቤቱን አፍርስ እንደማለት ነው።

አባ መሪ ቀለሙን እንደገና ዳሰሱ። «ልጁን ጥፋተኛ ታደርጊዋለሽ?»

«እንደተማረው አደረገ ብዬ ነው የምጽፈው።»

«እንግዲያው አስተማሪው ይናገራል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ሰው እስር ቤት እያደረ ግን እኔ ንጋት አልጠብቅም።»

ከዚያ በቀጥታ እህታቸው ቤት ሄዱ። እህታቸው ሁሉን ሰምተው ብዙ አለቀሱ፤ በመጨረሻም፣ «ሂድና ተናገር፤ ያ የታሰረውም እናት አለችው» አሏቸው። በማግስቱ አባ መሪ በመርማሪዎቹ ፊት ቆሙ። እሳቸው ሲናገሩ፣ ጣሪያ ሲያዩ የነበሩት ካፒቴኖችም አንድ በአንድ ተነስተው መሰከሩ። የምስክሮቹን ቃል ቁጭ ብሎ የሰማው እንግዳም ተፈታ።

ከዚያ ወዲህ በወደቡ አፍ ሁሉም ግራ ለግራ ያልፋል። አዲስ ካፒቴን የቦታው ጠባይ ሳይነገረው መሪ አይጨብጥም። ጭጋግ በወረደ ቁጥር ደጅ ደጁን የምታይ ሚስት የለችም፤ እንግዳም እንደ አገሬው ተማምኖ ይገባል። ያ የመስኮት ለመስኮት ጨዋታ ግን ላይመለስ ሄዷል፤ እሱስ ያሳዝናል።

መርከቧ ተጠግና በወጣችበት ቀን አባ መሪ ተሳፍረው እንደ ድሮው በቀኝ መስኮት በኩል ተቀመጡ። ወደቡ አፍ ላይ የእንግዳው የጭነት መርከብ ብቅ አለች። ሁለቱም ወደየቀኛቸው ዞሩ። በሽማግሌው መስኮት የሚታየው ባዶ ባሕር ብቻ ሆነ፤ ፉጨተኛው ትዝ አላቸው።

ቀስ ብለው ተነስተው ወደ ግራው መስኮት ተሻገሩ። ከሰፊው ውኃ ማዶ፣ እንግዳው መሪውን ለረዳቱ ትቶ፣ እሱም ወደ ግራ መስኮቱ ተሻግሮ ቀኝ እጁን አውጥቷል።

አባ መሪም ቀኝ እጃቸውን አወጡ። ድምፅ እንደማይደርስ እያወቁ፣ «ልጆች እንዴት አደሩ?» አሉት።