ሁለት በር ያለው ኮምፒውተር

በ2002 ዓ.ም. ክረምት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚኒባስ ስመለስ፣ ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ የኮምፒውተር ሣጥን በጋቢ ጠቅልለው አቅፈው ነበር። መኪናው በሐረጎ መንገድ በታጠፈ ቁጥር ደረታቸው ላይ ያስጠጉታል። ሰላምታ ስንለዋወጥ ሸህ ሙሄዲን እንደሚባሉና ደሴ ሆጤ ሰፈር እንደሚኖሩ ነገሩኝ። ሰባት ዓመት በየገጠሩ ዞረው ከአረጋውያን አፍ የሰበሰቡት መንዙማ የተጻፈው በዚያ ኮምፒውተር ላይ ነው። በቅርቡ አንድ እንግዳ ፍላሽ ሰክቶበት ከሄደ በኋላ ጽሑፉ ሁሉ ከዓይን ተሰወረ። ኮምቦልቻ ያገኙት ጠጋኝ ደግሞ ሁሉም ካልተደመሰሰ መፍትሔ የለውም ብሏቸዋል።

«ከነገሩኝ ሰዎች እኩሌታው ሞተዋል። አማናቸው፣ አደራቸው፣ እኔ ዘንድ ነው» አሉ ጋቢውን በሣጥኑ ላይ እያስተካከሉ።

ከፊታችን የነበረች ወጣት ዞር ብላ «አሰላሙ አለይኩም» አለቻቸው። ፋጡማ ትባላለች፤ የጎረቤታቸው ልጅ ስትሆን፣ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ኮምፒውተር ትጠግናለች። እንዲህ ያለው ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፍ ይደብቃል እንጂ አያጠፋም አለችና፣ ሊኑክስ የሚባል፣ በነጻ የሚታደል ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከዊንዶውሱ ጎን ልትጭንላቸው ጠየቀች።

«በአንድ ቤት ሁለት አባወራ? አማርኛ የምጽፍበት ፕሮግራምስ?»

«እሱ የሚሠራው በዊንዶውስ ብቻ ስለሆነ ነው ሁለቱም የሚያስፈልጉዎት፣ አባባ። አንዱ ሲሠራ ሌላው ይተኛል። ኮምፒውተሩ ሲከፈት የትኛው ይነሣ ብሎ ይጠይቅዎታል። የሰው ፍላሽ በሊኑክስ ያያሉ፤ ያ ቫይረስ እዚያ አይሠራም።»

«በነጻ ይታደላል ያልሽው ነው ያላማረኝ። ያለ ዋጋ የሚሰጥ ነገር ምን ይረባል?»

«እርስዎ ደረሶችዎን ቁርኣን የሚያስቀሩት በነጻ አይደለም?»

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ነገሩ ቢያሳስበኝ እኔም አብሬ ወደ ቤታቸው ሄድኩ።

ፋጡማ መጀመሪያ ሊኑክስን ኮምፒውተሩ ላይ ሳትጭን ከሲዲ ላይ ብቻ አስነሣችው። የተሰወሩት ጽሑፎች በየስማቸው ተደርድረው ታዩ። ሸሁ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ጽሑፉን ሁሉ በቦርሳዋ ወደያዘችው ዲስክ ገለበጠችውና፣ የኮምፒውተሩን ዲስክ ለሁለት መክፈል ልትጀምር ስትል ሸሁ ከለከሏት። መብራቱ ከጧት ጀምሮ ብልጭ ድርግም ይል ስለነበር ለነገ እንዲያድር ፈለጉ።

«አብሽሩ፣ አይስጉ፣ ግማሽ ሰዓት ነው» አለችና መክፈሉን ጀመረች።

ሥራው ሳይጋመስ መብራት ጠፋ። ሲመለስ ዊንዶውሱ አልነሣ አለ። የፋጡማ ፊት አመድ መሰለ፤ ሸሁም መቁጠሪያቸውን ጨብጠው ቀሩ። የገለበጠችውን ዲስክ ከራሷ ላፕቶፕ ጋር አገናኝታ ከፈተችው። አንድም ጽሑፍ አልጎደለም።

«እርስዎን መስማት ነበረብኝ» አለች አንገቷን ደፍታ።

«እኔም እንዳንቺ ያለውን ሰው ከሰባት ዓመት በፊት መጠየቅ ነበረብኝ። ይህን ሁሉ ዘመን አማናን አንድ ቦታ ብቻ ማስቀመጤ የኔ ጥፋት ነው። ነገ ሁለቱንም ጫኚልኝ።»

በማግሥቱ መብራት ቢጠፋ የሚያቆይ ባትሪ ተውሳ መጣችና ሁለቱንም እንደ አዲስ ጫነች፤ ጽሑፉንም መለሰችበት። እኔ ከዚያ ቀን የተማርኩት፣ ወጣት እውቀቱን ይዞ ሲመጣ ሽማግሌ በሩን እንዲከፍት፣ ሽማግሌ «ቆይ» ሲል ደግሞ ወጣት እንዲታገሥ ነው። ዛሬ ሸሁ የእንግዳ ፍላሽ በሊኑክስ ይመረምራሉ፤ በዊንዶውስ ይጽፋሉ፤ አንዱ ቢታመም በሌላው ገብተው ሥራቸውን ያወጣሉ። ግልባጩም ኮምቦልቻ እኅታቸው ቤት ተቀምጧል።

ባለፈው ወር ሐዋ የምትባል ሴት የሟች አባቷን መንዙማ ልትሰማ ከገጠር መጣች። ሸሁ ከፍተው አነበቡላት። አንድ ስንኝ ላይ ሲደርሱ አስቆመቻቸው፤ አባቷ በዚያ ቃል ፋንታ ሌላ ቃል ነበር የሚሉት። ሸሁ አላመነቱም። ቃሉን እንዳለችው አርመው፣ እሷ እያየች በኮምፒውተሩና ለእኅታቸው በሚልኩት ፍላሽ፣ ሁለት ቦታ አስቀመጡት።